የቴርሞሜትሩ የቀን እንቅልፍ

ግንቦት በሸዋ ሮቢት ሰው የሚፈትን ወር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ውሻው ባጃጅ ሥር፣ የባጃጁ ሾፌር ደግሞ ከውሻው ፈንጠር ብሎ ጥላ ውስጥ ይጋደማሉ። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። በመድኃኒት ባለሙያነት ወደዚህ ከተማ ጤና ጣቢያ ስመደብ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ወፍራም ጋቢ ከታ ነው የላከችኝ። ጋቢው እስከ ዛሬ ከሻንጣው አልወጣም። ይህን ሁሉ የማማርር መስዬ ብጀምርም ከተማውን እወደዋለሁ፤ የምጽፈውም መውደዴን ስላወቅሁበት ወር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከዞን በመጣች አንዲት ተቆጣጣሪ ነው። ለይፋት ቆላ፣ ከቀወት ገጠር አንስቶ እስከ አጣዬና ማጀቴ ድረስ ላለው ሕዝብ፣ የድንገተኛ አደጋ የመድኃኒት ክምችት እንዲቋቋም ተወስኗል። ግሉኮስ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ የቁስል መስፊያ ክር፣ ለተቅማጥ በሽተኛ በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ዱቄት፣ ሌላም ሌላም። ጎርፍ ቢመጣ፣ ወረርሽኝ ቢነሳ፣ መኪና ቢገለበጥ ወዲያው የሚወጣ፣ በደኅናው ቀን ግን ማንም የማይነካው ዕቃ ነው። የቀረው ጥያቄ የት ይቀመጥ የሚለው ብቻ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ጃኬቷን ክንዷ ላይ ጣል ያደረገች፣ ቃላት የማታባክን ሴት ናት። መጋዘናችንን ዞራ ዞራ አየችና ጣሪያውን በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች፣

«መድኃኒት ከሠላሳ ዲግሪ በላይ አይቀመጥም» አለች። «አንድ ወር በየቀኑ ትለካላችሁ። ካላለፈ ዕቃው እዚህ ይራገፋል። ካለፈ ደብረ ብርሃን ይቀመጥና ችግር ሲመጣ ይላክላችኋል።»

«ችግር ሲመጣ ይላክላችኋል» የሚለውን ስትናገር በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ዘበኛችን ቀና ብለው አዩአት። እዚህ አገር የኖረ ሰው ችግር ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚዘጋው መንገዱ መሆኑን ያውቃል። አንዴ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያወጣው ጣርማ በር በጉም ይዋጣል፣ አንዴ ናዳ ይወርዳል፣ አንዴ ደግሞ ከናዳ የከፋ ነገር ይመጣል።

እኔ በበኩሌ ተቆጣጣሪዋ መኪናዋ ውስጥ ሳትገባ ሥራ ጀመርኩ። መጋዘኑ በብሎኬት የተሠራና ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ጣሪያውን ነጭ ቀለም አስቀባሁት። መስኮቶቹን በካርቶን ደፈንኳቸው፤ በላዩ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፤ የበሩን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወተፍኩት። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ በሩን እንዳይከፍት ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የደጋ ሰው አየር ሲከፋበት የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ እሱም መዝጋት።

ዘበኛችን ዱላቸውን ተደግፈው ሥራዬን ሁሉ አዩና፣ «ልጄ፣ ቤት እኮ ይተነፍሳል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳይንስ ነው» አልኳቸው። ይህን መልሴን ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ዘበኛችን ከስልሳ ያለፉ የቀወት ሰው ናቸው። ሽርጣቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ነጭ ቆባቸው ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ሶላታቸው አያልፋቸውም፤ ቀልድ ደግሞ ከእሳቸው አያልፍም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብና መጻፍ በመማራቸው ይኮራሉ፤ ቁጥር ሲጽፉ እያንዳንዱን ቁጥር እንደ አጥር እንጨት እያቆሙ ነው። ቆላ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ያለው ሥራ የሚጀመረው ዘግይቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የጠዋቱን ሙቀት እኔ እለካለሁ፤ እኔ ቤቴ ምሳ ላይ ስሆን ደግሞ የስምንት ሰዓቱን እሳቸው ያነባሉ። ቴርሞሜትሩን መጋዘኑ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀልኩ፤ ለንባቡ ብቻ ገብተው እንዲወጡ ቁልፍና ደብተር ሰጠኋቸው። በሙከራው ወር መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ጥቂት የጓንትና የፋሻ ካርቶን ብቻ ነው፤ ዋናው ዕቃ ፈተናውን እስክናልፍ ይጠብቅ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ደብተሩን ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጠዋት ሃያ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት። በማግስቱም እንደዚሁ። ውጭ አስፋልቱ ጫማ እየያዘ፣ የእኔ መጋዘን ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር እየቀዘቀዘ ሄደ! ትንሽ አስተዋይ ብሆን ኖሮ እዚያው እጠራጠር ነበር። እኔ ግን የሰው ልጅ ራሱን ሲያደንቅ የሚሆነውን ሁሉ ሆንኩ። ለእናቴ ደወልኩ። ለክፍል ጓደኞቼ ደወልኩ። ምን ይህ ብቻ፣ ለተቆጣጣሪዋም ደውዬ «የደፈና ዘዴ» ብዬ ስም ያወጣሁለትን ጥበቤን በዝርዝር አስረዳኋት።

«ቀን ላይ ይቀዘቅዛል?» አለች።

«ይቀዘቅዛል።»

«ለአለቆቼ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ ዞን ድረስ ሄደ።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ለምሳ ቤቴ ሄጄ ስልኬን መጋዘን ውስጥ መርሳቴን አስታወስኩ። ባጃጅ ይዤ ስመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል። የራሴን ማስታወቂያ ጥሼ በሩን ከፈትኩት። ከውስጥ የወጣው ወላፈን እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊቴን ለበለበኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ምስማሩ አለ። ቴርሞሜትሩ የለም።

ዘበኛችንን በር ላይ ፈለግኳቸው፣ የሉም። በቧንቧው በኩል የሉም። ከግቢው ኋላ፣ ትልቁ ሾላ ሥር፣ ግማሽ ወገቧ ዳገቱ ውስጥ የተቀበረ አንዲት አሮጌ የድንጋይ ክፍል አለች። ድሮ እህል ይቀመጥባት እንደነበር ይነገራል። እኔ ወደዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የማውቃት የተሰባበሩ አልጋዎች፣ ጎማ የሌላቸው ጋሪዎችና «ይወገድ» ተብሎ በጠመኔ የተጻፈባቸው ወንበሮች እስከ ጣሪያ ታጭቀውባት ነው። በሯ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሚያንኮራፋ ሰው ድምፅ ይሰማል።

በአልጋዎቹና በበሩ መሐል በተረፈችው ቦታ ላይ ሽማግሌው ሰሌናቸውን አንጥፈው፣ ጫማቸውን ራስጌ አድርገው፣ ጣፋጭ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ከራሳቸው በላይ ከአልጋ ብረት ላይ ቴርሞሜትሩ ተንጠልጥሏል። ደረታቸው ላይ ደብተሩ ተከፍቶ፣ የዕለቱ ቁጥር እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብሎ ተጽፎበታል። ሃያ ስድስት።

«ጋሼ!»

«አስተግፊሩላህ!» ብለው ዘለው ተቀመጡ። «ምነው ልጄ፣ እሳት ተነሳ?»

«ቴርሞሜትሩ እዚህ ምን ይሠራል?»

ቴርሞሜትሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ሙቀት ይለካል» አሉ።

«የት ያለውን ሙቀት?»

«ያለበትን ነዋ። ወላሂ ልጄ፣ አንድ ቁጥር አልዋሸሁም። ሃያ ስድስት ስትል ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ስትል ሃያ ሰባት ጽፌያለሁ።»

ቶሎ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። አሳፈሩኝ፣ አዋረዱኝ፣ ዞን ድረስ መሳቂያ አደረጉኝ ብዬ በሚያሳፍር ቃል ጮኽኩባቸው። ግማሹ ቁጣ በእሳቸው ሳይሆን በራሴ ላይ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ያደነቅሁት የእኔን ጥበብ ሳይሆን የሽማግሌውን የቀን እንቅልፍ ነበር።

ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ቆባቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉኝ።

«መንገዱ የተዘጋ ጊዜ ልጄ ወለደች። ደሟ አልቆም አለ። ግሉኮስ ከከተማው አልቆ አንዲት ብቻ ቀርታ ነበር። አንዲት! እሷ ለልጄ ተሰቀለችላት። አልሃምዱሊላህ ልጄ ዳነች፤ የወለደችውም ይኸው ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከእሷ ቀጥሎ ግን አንድ ጎረምሳ በቃሬዛ መጣ። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። አልቋል አሏቸው ያመጡትን። ያለው ደጋ ላይ ነው፣ መንገድ ሲከፈት ይመጣል አሉ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር እኔ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልጁ መንገድ እስኪከፈት አልጠበቀም።»

ሰሌናቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

«ያቺ ሴትዮ ችግር ሲመጣ ይላክላችኋል ስትል ያ ልጅ ነው ትዝ ያለኝ። የደፈንሽውን ቤት በመጀመሪያው ቀን አየሁት፤ ቴርሞሜትሯ ሠላሳ ሰባት አለች። ብነግርሽ ዕቃው ሊሄድ ነው። መድኃኒቱን ወደ ቅዝቃዜው እንዳልወስድ ይቺ ክፍል የኮሚቴ ናት፤ አትነካም። ስለዚህ ይቺን ብርጭቆ መለኪያ በየቀኑ ይዤያት መጣሁ፤ ሲመሽ ወደ ምስማሯ እመልሳታለሁ።»

የአንድ አሮጌ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ አልጋው ሲጢጥ አለ። ዕንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። ዓይኔን በነጠላዬ ስጠርግ አንገቴ መድረቁን አስተዋልኩ። ከመጋዘኑ ስወጣ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። አሁን የለም። የድንጋዩን ግድግዳ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። ሽማግሌው ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ቴርሞሜትር ይዘው የመጡት እኔ ስፈልገው ወደነበረው መጋዘን ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይቺ ክፍል ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ታዲያ ሰው ቀን ቀን የሚተኛው ሞቃት ቦታ ነው እንዴ? አባቶቻችንስ ማሽላ ከመሬት በታች የሚያኖሩት ለጌጥ መሰለሽ?»

እንግዲህ ኮሚቴውን መፈለግ ነበረብኝ። የሚወገድ ንብረት ያለ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ ከቦታው አይነሳም፤ ይህን በመሥሪያ ቤታችን ሕፃን ልጅ ቢጠየቅ ያውቀዋል። ኮሚቴው ግን መቼ እንደተሰበሰበ የሚያስታውስ የለም። ፋይል አስወጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ አገላበጥኩ። ሦስት አባላት አሉት። አንዱ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሁለተኛው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ሦስተኛው አባልና ጸሐፊ «በቦታው ላይ የተመደበ የመድኃኒት ባለሙያ» ይላል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቺን ክፍል ቆልፎ የያዘው ኮሚቴ፣ ከተመደብኩበት ቀን ጀምሮ፣ እኔ ራሴ ነበርኩ።

ለኃላፊያችን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁለት አዲስ አባላት መደቡልን፤ ቆመን ተሰበሰብን፤ ንብረቱ ለጊዜው ወደ ብሎኬቱ መጋዘን እንዲዛወር ወሰንን። ሽማግሌው ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት እንደተፈጸመ ሲሰሙ «ሱብሃነላህ፣ መንግሥትም ሲፈልግ ይሮጣል» አሉ።

አልጋ የሚያወጣ ሰው ግን አልነበረንም። ከአጥራችን ማዶ ሽንኩርት የሚነግዱ አንዲት እትዬ አሉ፤ ግቢያቸው ውስጥ ሴቶች ሰብስበው ሽንኩርት ያስለቅማሉ፣ ትልቁን ከትንሹ ያስለያሉ። ግርግራችንን ሰምተው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የተሰበረ አልጋ የሚያከማች ግን ዛሬ አየሁ» አሉ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁን ተዉት። ወደ ኋላቸው ዞረው «ሴቶች! ሽንኩርቱ ይቆይ፤ ኑ!» ብለው ተጣሩ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ሴቶቹ አልጋውን ለሁለት ለሁለት ይዘው እየዘፈኑ አወጡት። አንዷ ጎማ የሌለው ጋሪ ላይ ተቀምጣ እንደ ሙሽራ ካልተሸከማችሁኝ አልወርድም ብላ አስቸገረች፤ ተሸከሟት። ከአልጋዎቹ መጨረሻ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ላይ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ ዓሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ተገኘች። እትዬ ደረታቸውን መቱ።

«ሸለምጥማጥ በላብኝ ብዬ ያለቀስኩላት ዶሮዬ!»

ዘበኛችን ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ። ክፍሏ ውስጥ በየቀኑ የሚተኛ ሰው ዶሮዋን ሳያያት አይቀርም። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«አማና ነው፣ አደራ» አሉ በመጨረሻ። «ሰላም እንድታገኝ ብዬ እንጂ ሌላ ምን አስቤ!» ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ክፍሏን ኖራ ቀባናት፤ አይጥ እንዳይገባ የአየር ማስገቢያዎቿን በወንፊት ሽቦ ሸፈንን። እኔ በደስታዬ ካርቶኖቹን ግድግዳውን አስደግፌ መደርደር ስጀምር እትዬ እጄን ያዙኝ። «ሽንኩርት ግድግዳ ካስደገፍሽው ይበሰብስብሻል» አሉ። «መሬትም አታስነኪው። በዙሪያው እጅሽ የሚገባበት ክፍተት ተዪለት።» ይህን ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተምሬው፣ ተፈትኜበት፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። በቆላ ሙቀት ሕይወታቸውን ሙሉ የሚበላሽ ነገር ሲጠብቁ ከኖሩ ሴት አፍ ስሰማው ግን እንደ አዲስ ገባኝ። ከሽንኩርት ሣጥናቸው መርጠው የሰጡንን እንጨት እያጋጠምን ከፍ ያለ መደርደሪያ ሠራንበት። ክፍሏ ለሳምንት ያህል ሽንኩርት ሸተተች፤ ማንም ቅር አላለውም።

ቴርሞሜትሩም እዚያው ዋለ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እኔና ሽማግሌው አብረን እናነበው ጀመር።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ከመኪና ስትወርድ ጃኬቷን አውልቃ ወንበር ላይ ወረወረችና «እስቲ ያን የደፈና ዘዴሽን አሳዪኝ» አለች።

ደብተሩን ይዤ ቆሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን ስመኝ ያደርኩት ዝም ማለትን ነው። ቁጥሮቹ ያማሩ ናቸው፤ ክፍሏም ተዘጋጅታለች፤ ማን ያውቃል? ሽማግሌውም ዝም እንድል ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ በውሸት ደብተር የተቀመጠ መድኃኒት ላይ ደግሞ ለበሽተኛ መማል አልችልም።

«ደብተሩን ከመክፈትዎ በፊት የምነግርዎ ነገር አለ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ምስማሩን፣ ሰሌኑን፣ ማንኮራፋቱን፣ ኮሚቴውን፤ የዶሮዋን ነገር ብቻ አስቀረሁት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «አንድ ወር ሙሉ?»

«አንድ ወር ሙሉ።»

«ዘዴሽን እኮ ለአለቆቼ ተናግሬያለሁ!»

«አውቃለሁ።»

የራሷን ሁለት ቴርሞሜትሮች ከቦርሳዋ አወጣች። አንዱን በብሎኬቱ መጋዘን፣ ሌላውን በድንጋዩ ክፍል ሰቀለችና «ስምንት ሰዓት ድረስ እንጠብቃለን» አለች። ድንጋዩ ክፍል ውስጥ ጃኬቷን የጣለችበትን ወንበር አስገብታ ወረቀቶቿን ታገላብጥ ጀመር። እኔና ሽማግሌው ደጃፉ ላይ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆምን። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሾላው ላይ የነበሩት ወፎች ዝም አሉ። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ተቆጣጣሪዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል እጇን ዘርግታ ጃኬቷን አንስታ ለበሰች።

ሽማግሌው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ብሎኬቱ ሠላሳ ስምንት አለ፣ ድንጋዩ ሃያ ስድስት። ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። ከዚያ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ክፍሉ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን መመሪያው አንድ ወር ይላል፤ አንድ ቀን አይልም። ከዛሬ ጀምራችሁ እንደገና ለኩ። እስከዚያ ዕቃው ደብረ ብርሃን ይራገፋል።»

ሰኔ ገብቶ ነበር። ዝናቡና ናዳው ደርሰዋል፤ አንዴ ደጋ ላይ የተራገፈ ዕቃ ደግሞ በክረምት ወደ ታች እንደማይወርድ እሷም እኛም እናውቃለን። እውነቱን በመናገሬ ያ ክምችት ከእጃችን ሊሄድ መሆኑን ሳስብ ራሴን ጠላሁት።

ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስቲ ደብተሩን ክፈቺው። የስምንት ሰዓቱን ቁጥር ማነው የጻፈው?»

«እርስዎ።»

«የት ሆኜ?»

ተቆጣጣሪዋ ደብተሩን አየች። «እዚህ… እዚህ ክፍል ውስጥ ሆነው።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አንድ ቀን ሳላዛንፍ። ጁምዓም ቢሆን ከሶላት ስመለስ። ስንት ቀን ነው? ቁጠሪው።»

ጣቷን በገጹ ላይ እያንሸራተተች ቆጠረች። ሠላሳ።

«ታዲያ ልጄ፣ ወሩ እኮ አልቋል።»

እኔ ሽማግሌውን አያለሁ፤ እሳቸው ተቆጣጣሪዋን ያያሉ፤ እሷ ደብተሩን ታያለች። ከዚያ ያቺ ቃላት የማታባክን ሴት ሳቀች። ከሆዷ ሳቀች፣ ጃኬቷን ይዛ፣ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ እየተለጠጠች። ሳቋ ሲበርድላት እስክሪብቶዋን አንስታ የጠዋቱን ረድፍ ከላይ እስከ ታች ሰረዘች። ከገጹ አናት ላይ «ዋና መጋዘን» የሚለውን አጥፍታ «የድንጋዩ ክፍል» ብላ ጻፈች። ለምን እንደታረመ ሁለት መስመር አክላ ፈረመች፤ እኔን አስፈረመች፤ ሽማግሌውንም አስፈረመች። እሳቸው ስማቸውን ሲጽፉ ከቁጥሩም የበለጠ ጊዜ ወሰዱ።

«ለአለቆቼ ምን እንደምላቸው አላውቅም» አለች መኪናዋ ውስጥ ስትገባ።

«ቀን ቀን ተኙ በያቸው» አሉ ሽማግሌው።

ዕቃው በሳምንቱ መጣ። ሽንኩርት ለቃሚዎቹ ሳይጠሩ መጥተው አወረዱልን። በአንድ ነገር ብቻ አዘንኩ፤ መድኃኒት ባለበት ክፍል ሰው አይተኛም፣ ስለዚህ ሽማግሌው የቀን ቅዝቃዜያቸውን አጡ። እሳቸው ግን ደብዳቤ አላስጻፉም፣ አላጉረመረሙም። ወደ ብሎኬቱ መጋዘን ሄደው እኔ የደፈንኳቸውን መስኮቶች አንድ በአንድ ከፈቷቸውና ከተዛወሩት አልጋዎች መሐል እግሩ ያልተሰበረውን መረጡ። «ይወገድ» የሚለው የጠመኔ ጽሑፍ ከራስጌያቸው ይታያል። ስናልፍ እንስቃለን፣ እሳቸውም ይስቃሉ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ረፋድ፣ ሰው የጫነ አንድ መለስተኛ አውቶቡስ ቁልቁለቱን ሲወርድ ተንሸራቶ ማሳ ውስጥ ተገለበጠ። የዚያኑ ዕለት ከላይ በኩል ናዳ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ቁስለኞቹን በባጃጅ፣ በፒካፕ፣ በቃሬዛ አመጧቸው። የድንጋዩን ክፍል ከፈትኩ። እኔ አወጣለሁ፣ ሽማግሌው ተቀብለው ይሮጣሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ግሉኮስ፣ ፋሻ፣ ክር፣ ጓንት፣ እንደገና ግሉኮስ። በሩ ላይ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር አንድ ቃል ብቻ ይጮኻሉ፤

«ቀጣይ!»

እሰጣቸዋለሁ። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ።

«ቀጣይ!»

እስከ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን መጥተው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሽርጣቸው በጭቃና በደም ተበላሽቷል፤ ቆባቸው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። የሚሰፋው ተሰፍቷል፣ የሚታሰረው ታስሯል፤ ከአውቶቡሱ ሰዎች አንድም የሞተ የለም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ከመጨረሻው ሰውዬ ቀጥሎ ማን አለ?» አሉኝ።

«ማንም የለም ጋሼ። ሁሉም አገኙ።»

ወደ ክፍሉ ውስጥ ዞረው አዩ። «አንድ ሰው ቢመጣስ? አሁን፣ በቃሬዛ ቢመጣ?»

እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸውና ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። በሽንኩርት ሣጥን እንጨት በሠራነው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ እጅ ርቀው፣ ያልተከፈቱ የግሉኮስ ካርቶኖች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«አለ» አልኳቸው። «ለእሱም አለ።»